ከሳጥን ውጭ የተጓዘ ሽሮ

ሌንሳ ሞተር ስትነዳ ላያት ሰው ነቀምት ዳገት የሌላት ከተማ ትመስለዋለች። የሲሬ ከተማ ልጅ ናት። በአንድ ድርጅት ተቀጥራ በስልክ የታዘዘ ምግብ ከየሆቴሉ እየተቀበለች ለየቤቱና ለየቢሮው ታደርሳለች። ከሞተሯ ኋላ የታሰረው የድርጅቱ ሳጥን ሙቀት ይይዛል፤ ሽታም ይይዛል።

ጨለለቂ ሰፈር ወይዘሮ ሸዋጌጥ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ፤ ሌንሳ እንደ አክስቷ «አዳዳ» ትላቸዋለች። ሁዳዴ ሲገባ ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ፤ የሚያበስልላቸው ስለሌለም ሽሮ ማዘዝ ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን ሌንሳ ያመጣችላቸውን ፌስታል ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ልጄ፣ ቅቤ ቅቤ ይላል። ከሥጋ ጋር ነው የመጣው?»

ነበር። ሂሳቡን ከፍለው፣ ምግቡን ለራሷ ሰጧትና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። ለድርጅቱም አልከሰሷትም። «ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር» ትላለች ሌንሳ። ፕሮቴስታንት ናት፤ እንዲህ ያለ ጾም በቤቷ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ግን የጾም ምግብ ሳጥኑ ውስጥ አትከትም። በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታስርና ጃኬቷን ትዘጋበታለች። ማንም አላዘዛትም። ሰው ለማይጾመው ጾም እንዲህ ሲጠነቀቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አንድ ዓርብ ጥብስና ሽሮ አንድ ላይ ታዘዙ። ሽሮውን ደረቷ ላይ ስታስር ባልደረባዋ ጋሩማ አያት።

«ሌንሳ ኮ፣ የኔ ሌንሳ፣ መቼ ወለድሽ?»

«አሁን።»

«አባቱስ?»

«በርበሬ ነው። ብዙ አትጠጋ፣ ያስነጥስሃል።»

ድርጅቱ ያዘዛት ጥብሱን መናኸሪያው አጠገብ ላለ ቢሮ እንድታስቀድም ነበር። ዝናብ ጀመረ። ዞራ እስክትመለስ ሽሮው ይቀዘቅዛል፤ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሌንሳ ላይ ሁለት ቅሬታ ቀርቦባታል፤ ሦስተኛው ከሥራ ያስወጣታል። ለጥብሱ ባለቤት ደወለች።

«ኦቦ እስክንድር፣ የእርስዎ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ አይቀዘቅዝም። የጾመኛ ምግብ ይዣለሁና እሱን ላስቀድም።»

«እኔም እኮ ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነኝ። ስብሰባ ጾም አይደለም? ካረፈድሽ እከስሻለሁ።»

«መብትዎ ነው፣ ኦቦ።»

ሞተሯን ወደ ጨለለቂ አዞረች።

በሩ ሲከፈት ሱሪዋም ጫማዋም ውሃ ሆኗል። ጃኬቷን ስትፈታ ግን ፎጣው ደረቅ፣ ሽሮው ትኩስ ነበር። ወይዘሮ ሸዋጌጥ እንደ በፊቱ አሸተቱት። ከዚያ «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው በቋንቋዋ አመሰገኗት።

አቶ እስክንድር ጥብሱን በትኩሱ በሉ፤ ቅሬታቸውንም ጻፉ። በማግስቱ ድርጅቱ ሌንሳን አሰናበተ፤ ሳጥኑንም ተረከባት።

ረቡዕ ዕለት ሽሮውን ሌላ ልጅ ይዞት ሲመጣ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ለሌንሳ ደወሉ። ለምን እንደቀረች ነገረቻቸው። «ነይ» አሉና፣ ስትደርስ ውስጡ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ አገልግል በግራ እጃቸው አቀበሏት።

«ሥጋ እንዳይገባበት።»

«አዳዳ፣ ሥራ የለኝም እኮ።»

«አለሽ። የጾም ምግብ እንድታደርሺላቸው አብረውኝ ቤተ ክርስቲያን ለሚሳለሙ ጎረቤቶቼ ስልክሽን ሰጥቻለሁ። ግማሾቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ስናገር ይሰማሉ።»

አሁን ሁዳዴ ሊያልቅ ነው። ከፋሲካ በኋላ ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት፣ «በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ የረቡዕና የዓርብ ጾም የት ይሄዳል?» አለችኝ። ስልኳ ጠራ። አገልግሉን ሳጥኑ በነበረበት ቦታ ጥብቅ አድርጋ አስራ ዳገቱን ወጣች።