ሆዱ የተነፋው ማሞቂያ

እዚህ ሃሊፋክስ፣ ሰፈራችን ውስጥ ካለው ሰው ግማሹን ያዋለዱት ሚስስ ኤድና ሰትክሊፍ ናቸው። እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ስለሆኑ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተው እንኳን እኔን መቆጣት መብታቸው ይመስላቸዋል።

ብርድ ሲገባ፣ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት አሮጌው የግድግዳ ማሞቂያዬ ከታች እየሞቀ ከላይ ይቀዘቅዛል። ያኔ እሳቸውን እጠራለሁ።

«ደግሞ ምን አብልተሽው ነው?» ይሉኛል ገና ከበር ሳይገቡ። መዳፋቸውን አናቱ ላይ ያሳርፋሉ። «ይኸው፣ ሆዱ ተነፍቷል!»

አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሏት ትንሽ ቁልፍ ከጎኑ ያለችውን ብሎን ያላሉና ብረቱን እንደ ሕፃን ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርጉታል። «አግሳ የኔ ጌታ፣ አግሳ!» የታፈነው አየር እየተንሿሿ ይወጣል። ውሃው ጠብ ማለት ሲጀምር ፎጣ ደቅነው ብሎኑን ያጠብቃሉ። ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ ማሞቂያው እስከ አናቱ ይግላል፤ ጨዋታችን ግን እስኪመሽ አያልቅም።

ትናንት ማንኪያ ሲፈልጉ መሳቢያዬን ከፈቱና ልክ የሳቸውን የመሰለች ቁልፍ አገኙ።

«ይቺን መቼ ገዛሻት?»

«አምና» አልኩ። ፊቴ ከማሞቂያው ብሶ ጋለ።

«ታዲያ እኔን ለምን ትጠሪኛለሽ?»

ቁልፏን አገላብጠው አዩዋት፤ ከዚያ መሳቢያው ውስጥ ከታጠፉት ፎጣዎች ስር ወሸቋት።

«መደበቅ እንኳን አታውቂበትም! እንዲህ አድርጊያት፣ እኔ እንዳላያት። ሻዩስ የታለ?»