ሙሽራ ለመሥራት በእግር ወደ ደንዲ

የፀጉር ሥራ እግር ያጠነክራል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ያውቀዋል። አምቦ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ፀጉር ቤት አለችኝ። የሠርግ ሰሞን ከንጋት እስከ ምሽት ቁጭ ሳልል እውላለሁ። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ፣ የተሳፈርንባት መኪና ከጊንጪ ወዲያ ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ አልደነገጥኩም።

ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ፀሐይ ሲያደርቀው ነው የሚወጣው» አለን። «ዛሬ ከሆነ ዛሬ፣ ነገ ከሆነ ነገ።»

ሠርጉ ደግሞ ነገ ነው።

አብረውኝ የነበሩት የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ናቸው፤ ስልሳን የተሻገሩ፣ አምቦ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሴት። ሙሽራዋ የወንድማቸው ልጅ ናት። እሷ «አዳዳ» ነው የምትላቸው፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳዳ እላቸዋለሁ። የተወለዱት ደንዲ ሐይቅ አናት ላይ ካለ መንደር ነው፤ በልጅነታቸው ተድረው አምቦ ከገቡ በኋላ ወደዚያ የተመለሱት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ልጅቷ ስልክ ደውላ «አዳዳ፣ አንቺ ካልመጣሽ አልሞሸርም» ስትላቸው ግን እንቢ ማለት አልቻሉም። ስጦታቸው እኔ ነኝ። ሙሽራዋን እንደ ከተማ ሙሽራ አድርጌ እንድሠራ ይዘውኝ መሄዳቸው ነው።

«በእግርስ?» አልኳቸው።

ወደ ጋራው ቀና ብለው ቆዩ። ደመናው ተገፎ ጽዱ በዝናብ ታጥቦ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል።

«በእግርማ በጫካው ከተቆረጠ ከሰዓት በኋላ ይገባል» አሉ። «አንቺ ግን ትችያለሽ?»

«እርስዎ ከቻሉ እኔ ምን እሆናለሁ!»

የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲኑን፣ ቅባቱን፣ ሜካፑንና ቬሎውን የያዘውን ሻንጣ ከፈትኩ። ማድረቂያውን ፎንና መተኮሻውን ፔስትራ ለሹፌሩ ተውኩለት፤ መብራት በሌለበት አገር ምን ይሠሩልኛል? የቀረውን በነጠላዬ ቋጥሬ ጀርባዬ ላይ አሰርኩ። ቬሎውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርቤ ጠቀለልኩት። ሹፌሩ ኔትወርክ ሲያገኝ ለሙሽራዋ ቤት ሊደውል ቃል ገባልንና መንገዱን ጀመርን።

መጀመሪያ ያለው የጤፍ ማሳ ነው፤ ገና ያልተዘራበት፣ በሬ የገለበጠው ጥቁር አፈር። ጫማዬ ላይ ጭቃው እንደ ሊጥ ተለጥፎ ሁለት ኪሎ ጨመረብኝ። ከማሳው ጥግ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ደግሞ እውነተኛው ጫካ ይጀምራል። እዚያ ስንገባ መሬቱ ጠነከረ። የጽዱ ቅጠል ረግፎ ምንጣፍ ሆኗል፤ ስትረግጡት ይለሰልሳል፣ ይሸታል። መንገዱ የሰውና የከብት እግር ያወጣው ነው፤ አንድ ሰው ያስኬዳል። አዳዳ ፊት፣ እኔ ከኋላ። ከላያችን ጉሬዛዎች ነጩን ጭራቸውን እያንጠለጠሉ ከዝግባ ወደ ዝግባ ሲወረወሩ ቅርንጫፉ ላይ የቀረው ዝናብ በአንዴ ይወርድብናል። አዳዳ «ተመልከቺ፣ እነሱም ሠርገኛ ሆነዋል!» ብለው ሳቁ።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ቢሆንም ዳገቱ አልከበደኝም። እንዲያውም ከወጣን በኋላ ደረቴ ሲከፈት ተሰማኝ። የፀጉር ቤቱን የአሴቶን ሽታ ስንት ዓመት እንደተነፈስኩ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ጥቂት እንደሄድን ግን አዳዳ መቆም አበዙ። አንዴ ጉልበቴ ይላሉ፣ አንዴ ጫማቸውን ያራግፋሉ። ሦስተኛ ጊዜ አንድ የወደቀ ዛፍ ላይ ሲቀመጡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የፀጉር ሠሪ ጆሮ የታመመ ጉልበትንና የፈራ ልብን ይለያል፤ ሴቶች መስታወት ፊት ተቀምጠው የሚነግሩኝን ስሰማ ነው የኖርኩት።

«አዳዳ፣ ወንድምዎን ካዩ ስንት ጊዜ ሆነ?» አልኳቸው።

በእጃቸው የያዙትን ዱላ መሬት ላይ እየወጉ መናገር ጀመሩ።

«ባለቤቴ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ነው። እንግዲህ ሥጋዬ ብዬ የምጠብቀው እሱን ብቻ ነበር። ቀብር አልመጣም። ሰልስትም አልመጣም። በሳምንቱ በሰው ‹ወንዙ ሞልቶብኝ ነው› ብሎ ላከ። ወንዙ ላይ እኮ ግንድ አለ! ትልቅ የዝግባ ግንድ፣ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ። እኔ ክረምት ከበጋ የተመላለስኩበት። ለእህቱ ሲሆን ሞላበት?»

«ከዚያስ?»

«ለአርባው መጣ። በሩን አልከፈትኩለትም።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ቤት ውስጥ ቆሜ ሲያንኳኳ ሰማሁት። ብዙ አንኳኳ። ከዚያ ሄደ። አሁን በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው?»

የወንድምና የእህት ነገር ውስጥ ባዳ ሲገባ አያምርም። የማውቀውን ብቻ ተናገርኩ።

«ሙሽራዋ ጠርታዎታለች። ፀጉሯን ሳትሠራ ልትዳር ነው? ይነሱ።»

ተነሡ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ቀትር አልፏል። ከላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ኖሮ ውሃው ቡናማ ሆኖ እያጉረመረመ ይወርዳል። አዳዳ ዳር ላይ ቆመው ግራና ቀኝ አዩ። ወደ ላይ ሄዱ፤ ተመለሱ። ወደ ታች ሄዱ፤ ተመለሱ።

«እዚህ ነበር» አሉ። «እዚህ ቋጥኝ ላይ ነበር ጫፉ። እዚህ!»

ግንድ የሚባል ነገር የለም። ቋጥኙ ብቻ ነው ያለው።

ከወንዙ ማዶ አንድ ጎልማሳ ለከብቶቹ ሣር ያጭዳል። አዳዳ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በኦሮምኛ ጠሩት። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠየቁት። በመጨረሻ ስለ ግንዱ ጠየቁ።

«ግንዱማ ከሄደ ቆየ!» አለ ማጭዱን እንደያዘ። «የመጀመሪያዋ ልጄ የተወለደች ክረምት ውሃ ወሰደው።»

«ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ናት።»

አዳዳ ቁጭ አሉ፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ውሃውን ያዩት ጀመር። እኔም አየሁት። ይህ የአንድ የሚያዝያ ሌሊት ዝናብ ያመጣው ነው። የነሐሴውን ማሰብ አያቅትም።

«ልጄ» አሉኝ ቆይተው፣ «ባለቤቴ ሲሞት ይሄ ግንድ አልነበረም ማለት ነው።»

«አልነበረም።»

ቀና ብዬ የምንሻገርበትን ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ደመናው እየተመለሰ ነው። ወንዝ አልፈራም። ልጅነቴ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ልብስ ሳጥብ ነው ያለፈው፤ ጠባቡ ቦታ እንደሚያታልል፣ ሰፊው ቦታ ጥልቀት እንደሌለው አውቃለሁ። ትንሽ ወደ ላይ ስወጣ ውሃው ተዘርግቶ ጠጠሩ ከሥር የሚታይበት የከብት መሻገሪያ አገኘሁ። ሣር አጫጁም «እዚያ! እዚያ ጥሩ ነው!» ብሎ ጮኸልኝ።

ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ቋጠሮዬን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ፣ በአዳዳ ዱላ ከፊቴ ያለውን እየነካሁ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴን አለፈ፤ ከዚያ በላይ አልመጣም። ቅዝቃዜው ግን አጥንት ይገባል። ማዶ ቋጠሮውን ለሰውየው ሰጥቼ ተመለስኩ።

«እጅዎን ይስጡኝ። ውሃውን አይዩ፣ እኔን ይዩ።»

«አንቺስ ምን ታያለሽ?»

«እኔ መንገዱን።»

መሃል ላይ አንድ ጊዜ አዳለጣቸውና ክንዴን አጥብቀው ያዙ። ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። እግሬን ተከልኩና ጠበቅሁ፤ ሲረጋጉ እንደገና ሄድን። ሰውየው ዳር ላይ የማጭዱን እጀታ ዘርግቶ ተቀበላቸው። አዳዳ መሬት ሲረግጡ መረቁን፤ እኔንም እሱንም፣ አንዱን በአማርኛ አንዱን በኦሮምኛ።

ከዚያ በኋላ ጉልበቴ ሲሉ አልሰማሁም። እንዲያውም ልደርስባቸው አልቻልኩም። የመጨረሻው ዳገት ላይ ዛፉ እየሳሳ የአስታ ቁጥቋጦ ብቻ ቀረ፤ ነፋሱ በረታ። ጫፉ ላይ ስንወጣ ደንዲ ከሥራችን ተዘርግቶ አየሁት። አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ ታጠቀ ሰው ወገብ ይጠባል። ዙሪያውን ገብስና ሣር፣ ሣሩ ውስጥ ከብት። ስንት ጊዜ በፎቶ አይቼው ነበር፤ በእግር ለመጣ ሰው ግን ሌላ ነው።

በጫፉ መንገድ አንድ ሽማግሌ በቅሎ እየሳቡ ይመጣሉ። አዳዳ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሹፌሩ ደውሎ ነበርና ወንድማቸው ሊቀበሉን መውጣታቸው ነው። ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው እሳቸውም ቆሙ። በቅሎዋ ብቻ ሣር ለመንጨት አንገቷን ዝቅ አደረገች።

በኦሮምኛ ነበር የተነጋገሩት። እኔም እሰማለሁ።

«ግንዱን ውሃ ወስዶታል» አሉ አዳዳ፣ ያለ ሰላምታ።

«ወስዶታል። ያኔም አልነበረም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በሩ ተዘግቶ ነበር፣ እህቴ።»

አዳዳ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ወንድምየው የበቅሎዋን ገመድ ለእኔ ሰጡኝና ወደ እሳቸው ሄዱ። «ባጋ ነጋን ዱፍቴ» አሏቸው፤ እንኳን በደህና መጣሽ። ከዚያ ትከሻቸውን ይዘው ብዙ ጊዜ ሳሟቸው፤ ሁለቱም ለሟቹ አለቀሱ። የዘገየ ለቅሶ ነው፤ ግን ለቅሶ ነው። እኔ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።

በቅሎዋ የመጣችው ለአዳዳ ነበር። አልቀመጥም አሉ። ወንድምና እህት ጎን ለጎን፣ ጠባቡ መንገድ ላይ እየተጋፉ፣ እያወሩ ወረዱ። እኔ ቋጠሮዬን በቅሎዋ ላይ ጭኜ ከኋላ ተከተልኩ። የእንግዳ ወግ እንዲህ ነው እንዴ ብዬ ለራሴ ሳቅሁ።

ሙሽራዋ ደጅ ላይ ስታያቸው ወደ አዳዳ ሮጠች፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥታ «ቬሎው ረጥቧል?» አለችኝ። አልረጠበም። ለፌስታል ምስጋና ይግባውና አንድ ጠብታ አልነካውም።

ሲነጋ ፀጉሯን ሠራሁ። ማታ በቢጉዲን ጠቅልዬው ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አደረቅሁት። ፎን የለ፣ ራስ ላይ የሚደፋው ካስክ የለ። የመንደሩ ሴቶች ከበውኝ ያያሉ። ከፊት ሹሩባ፣ ከኋላ የተለቀቀ ጥቅል አድርጌ ስጨርስ እናቷ እልል አሉ። በሥራዬ ብዙ ሙሽሮች ሠርቻለሁ፤ ከሁሉም ያቺ በለጠችብኝ ብል ማጋነን አይሆንም። አዳዳ ከወንድማቸው ጎን ተቀምጠው፣ ልጅቷን አብረው መርቀው ሸኙ።

ሰኞ ጠዋት መንገዱ ደርቆ መኪናው መጣ። አዳዳ እዚያው ሊሰነብቱ ቀሩ። ሹፌሩ በሩን ከፈተልኝ። ዕቃዬን ሰጠሁትና «ጊንጪ እንገናኝ» አልኩት። አብዳለች ብሎ አሰበ መሰለኝ። ከሙሽራዋ አክስቶች ሁለቱ ወደ ገበያ ይወርዱ ስለነበር አብሬያቸው በዚያው ጫካ ተመለስኩ። ቁልቁለቱ ላይ ከእነሱ እኩል ተራመድኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ከአምቦ በላይ ያሉትን ጋራዎች። ከዚያ አንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ደንበኛዬ «እኔንም ውሰጂኝ» አለች። ከዚያ አንዲት ነርስ፣ ከዚያ አዳዳ ራሳቸው። አሁን ሰብሰብ ብለን ነው የምንወጣው። ወንጪ ሐይቅን ዞረናል፤ ከእጃጂ ተነሥተን በገጠሩ መንገድ ውለን ማታ በአውቶቡስ ተመልሰናል። በምናልፍበት መንደር ሰዎች «የት ነው የምትሄዱት? ለቅሶ ነው?» ይሉናል። ሴቶች ተሰብስበው በእግር ሲሄዱ ሌላ ምክንያት አይታያቸውም።

«አይ፣ ለመሄድ ያህል ነው» እንላቸዋለን።

ይስቁብናል፤ ከዚያ ውሃ ያጠጡናል፤ ከዚያ ደግሞ አቋራጩን ያሳዩናል። ባለፈው ሰኞ ነርሷ ደክሟት አንድ ወይራ ሥር ተቀምጣ «ቀሪው ብዙ ነው?» አለችኝ። መንገዱን ከዚያ በፊት ሄጄበት አላውቅም። ቢሆንም ጋራውን አየሁት፣ የጠራውን ሰማይ አየሁት፣ የውሃ ላስቲኩን ሰጠኋትና «ደርሰናል ማለት ይቻላል» አልኳት።