የፈንጂ ጠራጊዋ መርከብ መጨረሻ

ሥራው መቶ ዓመት የተጠጉ እንግሊዛዊ ሽማግሌን መንከባከብ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ከተማ አሁን ምግብ ቤት የምትሠራው የአገሬ ልጅ ሰላም አስጠንቅቃኛለች። «ጋሼ፣ እኔን ያባረሩኝ ስለ መርከባቸው ሲያወሩ ስልኬን ቼክ ሳደርግ አይተው ነው። አንተ ዝም ብለህ ስማ!»

በስልሳ ዓመቴ ሌላ የሚቀጥረኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ቤታቸው ሄጄ፣ ጃኬቴን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማኋቸው። መርከባቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ፈንጂ ስትጠርግ፣ የጭነት መርከቦች ስታጅብ ኖራ፣ በመጨረሻ ተቆራርጣ ለብረት ተሸጠች። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ ታየኛለች።

የእኔም ወጣትነት ያለቀው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። ስለዚያ ለማንም አላወራም።

ድንገት ውጭ የቆሻሻ መኪና የብረት ገንዳውን ከላይ ሲለቀው እንደ ፍንዳታ ጮኸ። ሳላስበው ተረከዜን አንሥቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ ቆምኩ።

«አሞሃል እንዴ?» አለች ልጃቸው።

ሥራው አመለጠኝ አልኩ በልቤ። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አነሡ።

«አላመመውም። ፈንጂ ሲፈነዳ መርከብ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው እግሩ ይሰበራል። ጃኬቱን ተቀበይው።»

ዝቅ ብዬ ሳይ፣ የእሳቸውም ተረከዝ ከተሽከርካሪ ወንበሩ መርገጫ ላይ ተነሥቷል።

«ያንተዋስ መርከብ፣» አሉኝ፣ «መጨረሻዋ ምን ሆነ?»