የሄስተር ዳቦ

ክሊፎርድ ዕድሜውን ሃሊፋክስ ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ፣ ከጎለመሰ በኋላ እንግሊዝኛውን ደህና አድርጎ የተማረው በማታው ክፍል ከሄስተር ነው። ተማሪዋ ሆኖ ገብቶ ባሏ ሆኖ ወጣ። እሷ ተማሪ ቃል ሲሸመድድ አትወድም ነበር። ቃሉን እስከ ሥሩ ቆፍራ ታሳይና የድሮ ግጥም ውስጥ መልሳ ትተክለዋለች። "ሥሩን ያወቃችሁት ቃል አይጠፋችሁም" ትል ነበር።

ጠፋ እንጂ! ምነው ባልጠፋ። ባለፈው መጋቢት ስትሮክ መታትና አንደበቷ ተዘጋ። ግጥሙ ብቻ ቀረላት፤ እሱ አንድ ስንኝ ከጀመረላት ሳትደናቀፍ ትወርደዋለች። ሲያልቅ ግን ውሃ ብላ መጠየቅ እንኳ አትችልም። ከራሷ የምታወጣው ቃል አንድ ነው፤ "ዳቦ።"

ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ "ዳቦ።" ያመጣላታል። ትገፋዋለች፣ ታለቅሳለች። ጠብሶ ሞከረ፣ ቅቤ ቀብቶ ሞከረ። አንድ ቀን መረረውና "ምን ዓይነት ዳቦ ነው የምትፈልጊው? ንገሪኛ አንቺ ሴት!" ብሎ ሳህኑን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ከዚያ ፍርፋሪውን ሲለቅም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ጉልበቱም ተስፋውም አልቆ ነበር። መጦሪያ ቤት እንድትገባ ተስማማ።

ሊወስዳት የመጣው ሾፌር ዳረን የሚባል ሳቂታ ጎረምሳ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሯን ወደ በሩ ሲገፋ የክሊፎርድን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

"ዳቦ! ዳቦ!"

"አይዞዎት እማማ፣ እዚያም ዳቦ ሞልቷል" አለ ዳረን። "የእናቴን ዳቦ ቢቀምሱ ኖሮ የእዚያን ያመሰግኑት ነበር።"

ክሊፎርድ እንድትረጋጋለት ብሎ ስለ ሁለት መንገደኞች የሚያወራውን ግጥም ጀመረላት። ተቀብላ ወረደችው። "ባልንጀራዬ ሆይ" የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። እጁን ስባ ደረቷ ላይ ጫነችው።

"ዳቦ" አለችው፣ ቀስ ብላ።

የማታው ክፍል ድቅን አለበት። ሄስተር ያንኑ ቃል በእንግሊዝኛው "ካምፓኒየን" ብላ በጠመኔ ጽፋ፣ "ሥሩ የላቲን ነው፤ አንድ ዳቦ አብሮ የሚበላ ማለት ነው" ስትል። የእኛ ባልንጀራ ውስጡ እንጀራ እንዳለ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛውም ውስጡ ዳቦ አለ።

"እንሂድ ወይስ መጀመሪያ ቁርሷን ትብላ?" አለ ዳረን።

"ወንበሩን መልሰው ልጄ" አለ ክሊፎርድ። "ዳቦ አይደለም የጠየቀችው። ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔን ነበር የምትጠራው።"