ወንድሜ የመለሰልኝ ሄልሜት

በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ልደታ ማርያም አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በዚህ ሥራ ዓይን ብዙም አያገለግልም። ቀለሙ የሚያምር በርበሬ ውስጡ ሻግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሽሮው ሲቆላ ትንሽ ማረሩን የሚናገረው ሽታው ነው። ኮረሪማው አርጅቶ እንደሆነ፣ በሶብላው በደንብ ሳይደርቅ ተፈጭቶ እንደሆነ ገና ጆንያው ሲፈታ አውቅ ነበር። «አፍንጫሽን ይባርከው» ይሉኝ ነበር ደንበኞቼ።

ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ወፍጮ ቤት የሚሄዱበት ጊዜ የላቸውም። በስልክ ያዛሉ፣ እኔ አደርሳለሁ። መጀመሪያ በታክሲ ነበር የማደርሰው። ሁለት ፌስታል ታቅፌ ሰልፍ ላይ ስቆም ያየኝ ወንድሜ ነው የሳይክሉን ሐሳብ ያመጣው።

በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ካረፈ በኋላ ትምህርት ቤት ያስመዘገበኝ፣ ሱቁንም ያፈላለገልኝ እሱ ነው። እሱ ያለኝን ነገር መልሼ ሌላ ሰው ጠይቄ አላውቅም። መንገዱ ፈርሶ እንደገና ተሠርቶ ከእግረኛው ጎን የሳይክል መስመር ሲሰመር፣ «በቃ ሰበብ የለሽም፣ ንጂ!» አለኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አንድ ወር አመነታሁ፤ ከዚያ ነዳሁ።

ሄልሜቱንም ያመጣልኝ እሱ ነው። ከውጭ በሚመለስ አንድ የሥራ ባልደረባው እጅ ያስመጣው ሰማያዊ ሄልሜት ነበር። እናታችን ቤት አስቀምጦኝ በገዛ እጁ አጠለቀልኝ፤ ማሰሪያው አገጬ ሥር እንዳያንቀኝ ጣቱን አስገብቶ ለካው።

«ሁለት ነገር አትርሺ» አለኝ። «እስከ ጥግ ሱቅ ድረስም ቢሆን ያለ እሱ እንዳትነጂ። ደግሞ አንዴ ከተመታ ሞቷል። ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ሥራውን ጨርሷል። ትጥይዋለሽ።»

እናታችን ሳቀች። «እኔ የተጎዳ ድስት አልጥልም፤ እናንተ ቆብ ትጥላላችሁ?»

«ድስት ጭንቅላት አያድንም፣ እማ» አላት። አልሳቀም።

ሰፈሩ ከሳይክሉ ይልቅ በሄልሜቱ ነበር የሚስቀው። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ሄልሜቱን አድርጌ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ «ሞተሩ የት አለ?» የሚለኝ አይጠፋም። አንዲት ጎረቤታችን «ሞት ሲመጣ በቆብ ይመለሳል?» ብላኛለች። ዕቃ የሚያደርስ አንድ ሳይክለኛ ደግሞ፣ ሁሌ ባዶ ራሱን የሚነዳ፣ ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። «ባዶ ራሴን ሲያየኝ ሹፌሩ ይሳሳልኛል፤ ራቅ ብሎ ያልፈኛል። አንቺን ግን ታጥቃለች ብሎ ተጠግቶሽ ነው የሚያልፈው።» እውነት ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ለእኔ ግን ወንድሜ ብሏል፤ አበቃ። የእሱን ቃል በእሱ ድምፅ እየደገምኩ ከሰው ጋር ስከራከር ከረምኩ።

ጥር ላይ ለጥምቀት ሰሞን ሱቁን ሁለት ቀን ዘግቼ ስለነበር ወንድሜ ሳይክሉንና ሄልሜቱን ተዋሰኝ። ሰኞ ጠዋት መለሰልኝ። ሄልሜቱ ከኋላ በኩል መዳፍ የሚያህል ብርማ ስቲከር ተለጥፎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መብራት ሲያርፍበት ያበራል። ሹፌር ከሩቅ እንዲያይሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ጉንጩን ሳምኩት። በዚያ የጥር ፀሐይ ጃኬቱን እንዳላወለቀ አሁን ነው የማስታውሰው። ያን ቀን ግን ሱቅ የገባውን ሰው ሁሉ «ወንድሜ ያደረገልኝን እዩ» እያልኩ ሳሳይ ዋልኩ።

ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሥራዬ እስከ አንገቴ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አምስት ኪሎ በርበሬ ከኋላ አስሬ ወደ ሰንጋ ተራ እየነዳሁ ነው። የሳይክሉ መስመር ላይ አንድ ነጭ የቤት መኪና ቆሟል። በጎኑ ላልፍ ስል በሩ ተከፈተ። ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አልነበረኝም። የፊት ጎማው በሩን መታው፣ እኔ በጀርባዬ ወደቅኩ፣ ጭንቅላቴ ከኋላ በኩል የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ አረፈ።

ስነቃ ሰው ይጮኻል። ፌስታሉ ተቀዶ በርበሬው አስፋልቱን፣ ፀጉሬንና ልብሴን ሸፍኖታል፤ ሁሉም ደም መስሎታል። «አለቀች! ደሟ አለቀ!» የምትል ሴት ትዝ ትለኛለች። ዓይኔ እንደ እሳት ይነድዳል። በበርበሬ ውስጥ ተኝቼ የበርበሬ ሽታ ግን አልነበረም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ሆስፒታል አራት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ጤና አዳም ይዛ መጥታ «አሽቺው፣ ልብሽን ይከፍተዋል» አለችኝ። ቅጠሉን በጣቴ አሸሁት፣ አፍንጫዬ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም። ምንም የለም። ሎሚ አመጡ። ምንም የለም። የእናቴን ነጠላ ፊቴ ላይ አድርጌ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ጨርቅ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አንጎል ክፉኛ ሲናጥ የሽታ ነርቮች ሊበጠሱ እንደሚችሉ አስረዳኝ። በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል።

«ሄልሜቱስ?» አልኩት። «ምንም አልጠቀመኝም ማለት ነው?»

«ጠቅሞሻል» አለ። «በዚያ አወዳደቅ ባዶ ራስሽን ብትሆኚ ዛሬ ከእኔ ጋር የምታወሪ አይመስለኝም። ግን ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የመጣው። እንዲህ መሆኑ ትንሽ ገርሞኛል።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት የሰፈር ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ወንድሜ በመስኮቱ በኩል ቆሟል። ያቺ ጎረቤታችን አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ «ያ ቆብ ታዲያ ምን ፈየደላት?» ብላ ጠየቀች። እኔ ወንድሜን አየሁት፤ አሁን ይመልስላታል ብዬ።

ፊቱን ሳያዞር «ምን ይፈይዳል» አለ። «ለስሙ ነው እንጂ የመጣውን የሚመልስ ነገር የለም።»

ጭንቅላቴ ተጎድቶ የሰማሁት መሰለኝ። ደንግጦ ነው ብዬም አሰብኩ፤ ሰው ሲደነግጥ የማያምንበትን ይናገራል። ቤት ስገባ እናቴ «ሳይክል ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እንዳይነሳ» ስትል ግን እሱ ቶሎ ብሎ «እማ ልክ ናት። ሽጪው፤ ቆቡንም ጣይው» አለ። እኔን አያየኝም ነበር።

አልጣልኩትም። የሆስፒታሉ ሰዎች በፌስታል አድርገው የሰጡኝ ሄልሜት አልጋዬ ሥር ነበር። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ መራመድ ስችል፣ ሳይክሉን እየገፋሁ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳሉት ጎማ ጠጋኝ ሄድኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ እዚያው ጠባብ በር ላይ ጎማ ሲለጥፉ የማውቃቸው አዛውንት ናቸው። የተጣመመውን የፊት ጎማ ማቅናት ይቻል እንደሆነ ልጠይቃቸው ነበር፤ ሄልሜቱን ይዤ የሄድኩት ተመሳሳዩ የት እንደሚገኝ ያውቁ እንደሆነ ብዬ ነው።

ጎማውን አይተው «ይቃናል» አሉኝ። ከዚያ ሄልሜቱን ከፌስታሉ አወጡት፣ ወደ ብርሃን አዞሩት፣ በጥፍራቸው ያን ብርማ ስቲከር ከጠርዙ መላጥ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልጄ፣ ይሄ ስብራት የአሁን አይደለም» አሉ። «ነዪ እዪ።»

አየሁ። አንደኛው ስንጥቅ ንጹሕ ነጭ ነው፤ ፎሙ ገና አሁን የተሰበረ ይመስላል። በስቲከሩ ሥር ያለው ሌላኛው ግን ግራጫ ሆኗል፣ አቧራ ገብቶበታል፣ ከዳር እስከ ዳር የደረቀ ቢጫ ማስቲሽ ይዞታል። ሄልሜቱን የከፈለው ያ አሮጌው ስንጥቅ ነው።

«ጥር ላይ ወንድምሽ የተጣመመ ፔዳል አስቀይሮ የለ? ክርኑም ተልጦ ነበር። ያኔ ‘ይሄ ሄልሜት ተሰንጥቋል፤ እንዳትጠቀሙበት’ ብዬዋለሁ።»

«ምን አለዎት?»

«‘አውቃለሁ ጋሼ’ አለኝ።»

ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ውኃ ሰጡኝ። ከዚያ ሁሉ ያቃጠለኝ «አውቃለሁ» ማለቱ ነው። ባያውቅ ይቅር ማለት ቀላል ነበር። ያወቀ ብቻ ሳይሆን ለእኔ ያስተማረው እሱ ነው።

ደወልኩለት። ሱቅ መጣ። ሄልሜቱን ስቲከሩ እንደተላጠ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩት። ሲያየው በሩ ላይ ቆመ።

«ወድቀህበት ነበር?»

«እህቴ...»

«ወድቀህበት ነበር ወይ?»

«አዎ።» ገብቶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ሌላ ላስመጣልሽ ነበር። እውነቴን ነው። ያ ባልደረባዬ በሳምንት እመጣለሁ ብሎኝ ቀረ። እስከዚያ ልንገርሽ ስል ተጨነቅኩ፤ ያን ሁሉ ሰብኬሽ እኔው ሰበርኩት ማለት አፈርኩ። አንድ ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ በየቀኑ እየከበደኝ ሄደ። ደግሞ ስትነጂ ምንም አልሆንሽም...»

«‘አትንጂበት’ ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል።»

ጆንያው ላይ እንዳለ አጎነበሰ።

«ስቲከሩን ለእኔ ብለህ ነው የለጠፍከው?»

ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«እኔ እኮ ሳምኩህ» አልኩት። ይህን ስል ነው ያለቀስኩት።

እሱም አለቀሰ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እንዲህ አልኩት፦ «ስትሰብረው አደጋ ነው፤ ማንም ይሰብራል። ስትደብቀው ፈርተህ ነው እንበል። ግን እኔ አፍንጫዬን አጥቼ በተኛሁበት አልጋ ዙሪያ ‘ሄልሜት ለስሙ ነው’ ብለህ ሰዎቹን አሳመንክ። ለነሱ እውነቱን ንገራቸው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።» እሺ አለኝ።

ማታ ለእናቴ ልነግራት ገባሁ። ገና ስጀምር ፊቷ ተለወጠ።

«አውቀሽ ነበር?» አልኳት።

«በረንዳ ላይ ሲያጣብቅ አይቼዋለሁ። ‘እንዳትነግሪያት፣ ትናደዳለች’ አለኝ። እኔ የቆብ ነገር ምን አውቃለሁ?» እጄን ያዘችኝ። «ወንድምሽ ነው። ሰው አይስማ።»

አመንኳት፤ የቆብ ነገር አታውቅም። ግን እንዴት ነሽ ከማለቷ በፊት ሰው አይስማ አለች።

የግንቦት ልደታ ቀን እንደ ወትሮው ጎረቤት ሁሉ ግቢው ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ንፍሮው ወጣ። እኔ የጨውን መብዛትና ማነስ ብቻ ነው የምለየው። ወንድሜም መጥቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ዛሬ ይናገራል ብዬ በዓይኔ ስከተለው ቆየሁ። ያቺ ጎረቤታችን ሳህን እያቀበለችኝ «እንኳን ያን ቆብ ተውሽው፤ ወንድምሽ እንዳለው ለስሙ ነው» አለች። ሁሉም ሰሙ። እሱም ሰማ። ንፍሮውን በማንኪያ ያገላብጣል።

ጠበቅኩት። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ ተነሳሁ።

«ሄልሜቱ ከመውደቄ በፊት የተሰበረ ነው» አልኩ። «የሰበረው ወንድሜ ነው። አጣብቆ፣ በስቲከር ሸፍኖ ራሴ ላይ አደረገልኝ። ሐኪሙ እንደዚያም ሆኖ ነፍሴን እንዳተረፈልኝ ነግሮኛል። ስለዚህ ምን ፈየደ አትበሉኝ።»

ወንድሜ ሳህኑን አስቀምጦ፣ ጫማውን አስተካክሎ፣ መንገዱን ይዞ ሄደ። እናቴ ተከትላው ሄደች። ስትመለስ «በሰው ፊት አዋረድሽው» አለችኝ። ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። ሽታ አልተመለሰልኝም፤ አንዳንድ ጠዋት የተቃጠለ ወረቀት የሚመስል ነገር ይሸተኛል፣ ወዲያው ይጠፋል። በርበሬውን የምታሸትልኝ ሴት ቀጥሬያለሁ፤ ጎበዝ ናት። አዲስ ሄልሜት ራሴ መርጬ ገዛሁ፣ ያለ እሱም አልነዳም። ያ ባዶ ራሱን የሚነዳው ሳይክለኛ አሁንም ባዶ ራሱን ነው፤ ስንገናኝ አሁንም እንከራከራለን፤ አሁን የምከራከረው በራሴ ቃል ነው።

ከወንድሜ ጋር ታርቃችኋል ወይ ለሚሉኝ ታርቀናል እላለሁ። ለበዓል ይደውላል፣ አነሳለሁ። ስለ እናታችን ደም ግፊት እናወራለን። ሱቅ ብቅ ሲል ወንበር አቀርብለታለሁ፣ ሻይ አስመጣለታለሁ። ሳይክሌ ግን በር ላይ ቆሞ ከሆነ፣ እሱ ከሄደ በኋላ ፍሬኑን፣ ፔዳሉንና ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ሳላይ አልወጣበትም። እንደማይነካው አውቃለሁ። ቢሆንም አያለሁ።