ኖሪን የምታለብሰው ቢጫ

አፏ ከመርፌም ከቁጣም ባዶ ሆኖ የማያውቀው ኖሪን፣ ቫንኩቨር ውስጥ በሚቀረጽ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ተዋንያንን ስታለብስ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ድራማ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሁሉ አንድ ክፍል ቀደም ብሎ ቢጫ ይለብሳል። ተዋንያኑ ቢጫ ልብስ ይዛ ስትመጣ ካዩ እንጀራቸው እንደተቆረጠ ያውቁታል።

አንድ ጠዋት ደራሲው ዌንደል ዝናብ አብስብሶት ልብስ ክፍሏ ገባ። ኖሪን ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ከመስቀያው እጇ የገባውን ሹራብ ወረወረችለት።

"ልበስ! ደግሞ ታመህ ሥራ ልታስፈታን ነው?"

ዌንደል እየሳቀ ለበሰው። "ለመሆኑ ኖሪኔ፣ ቢጫውን ለማን እንደምታለብሺ በምን ትመርጫለሽ? እኔማ አንቺ ያለበስሽውን እያየሁ ነው የምገድለው።"

"አትቀልድብኝ! አንተ አይደለህ እንዴ የምትጽፍልኝ?"

"ስለ ቀለም አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም።"

ኖሪን ደሟ ፈላ። 'ቢጫ ይልበስ' የሚለውን በዓይኗ በብረቱ ነው ያነበበችው። የዘጠኙን ዓመት ጽሑፍ ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና ገጽ በገጽ አገላበጠች። ቢጫ የሚል ቃል የትም የለም።

"ታዲያ የሚመርጠው ማን ነው?" አለ ዌንደል፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል።

ኖሪን ልትመልስለት ቀና ስትል፣ በገዛ እጇ የሰጠችውን ሹራብ ገና አሁን አየችው። ቢጫ ነው።

"አውልቀው" አለችው። "አሁኑኑ አውልቀው!"