ይርገዱ ፋንታና አሥራ ሁለቱ በገናዎች

ይርገዱ ፋንታ በገና የተማረችው ታላቅ ወንድሟ ጓዴ አልማርም ስላለ ነው። አባቷ አቶ ፋንታ ቢቸና ውስጥ በሽመና የሚተዳደሩ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን በገናቸውን ታቅፈው ጎረቤቱን የሚያስለቅሱ ሰው ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጓዴን ሊያስተምሩት ሞከሩ። የጓዴ ልብ መኪና ላይ ነበርና ደጀን ወርዶ ሹፌር ሆነ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ይርገዱ ለወንድሟ የተሰጠውን ትምህርት ከጓዳ ሆና ሰምታ ጨርሳው ነበር። አባቷ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ በገናውን ታቅፋ ስትደረድር አገኟት። አልተቆጡም። «አውራ ጣትሽን ቀለል አድርጊው» ብቻ አሏት።

በ1993 ዓ.ም. የአማርኛ መምህርት ሆና ሞጣ ተመደበች። በሁለተኛው ዓመት የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በገና እንድታስተምራቸው ለመኗት፤ እሺ አለች። ዘጠኝ ሴቶችና ሦስት ወንዶች ነበሩ። በገና የብቻ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ድምፅ ይቃኘዋል። አሥራ ሁለቱን በአንድ ቅኝት አስማምቶ በአንድ ትንፋሽ ማስኬድ ሦስት ዓመት ፈጀባት። ፊታቸው ተቀምጣ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ አየር ስትስብ ሁሉም ይስባሉ፤ ስትለቀው ሁሉም ይጀምራሉ። ልጆቹ በቀልድ «የኔታ» ይሏት ጀመር። እየቆየ ቀልድነቱ ቀረ።

በ2001 ዓ.ም. የጾም ወቅት ደብረ ማርቆስ ላይ ትልቅ የበገና ጉባኤ እንደሚደረግ ተሰማና ቡድኑ ተጋበዘ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ይስማው የስም ዝርዝሩን ሊያሳያት ከምታስተምርበት ድረስ መጣ። «የቡድኑ መሪ» ከሚለው ፊት ለፊት የሽታሁን ስም ተጽፏል። ሽታሁን ገና ሁለት ዓመት የተማረ ተማሪዋ ነው።

«አቶ ይስማው፣ ስህተት አለው መሰለኝ» አለች።

«ስህተት የለውም መምህርት። እዚያ የሚቀመጡት ትልልቅ አባቶች ናቸው። ሴት ፊት ሆና ወንዶችን ስትመራ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«ምን አሉ? ጠየቃችኋቸው?»

«መጠየቅማ አያስፈልግም።» ወረቀቱን አጠፈው። «ደግሞ ልጆቹ የኔታ እያሉ ባይጠሩሽ ጥሩ ነው። ሰው ያወራል።»

የዚያኑ ቀን ሽታሁን እየተቅበጠበጠ ቤቷ መጣ።

«የኔታ፣ እኔ አልጠየቅኩም። እምቢ ልበል?»

እምቢ በል ብትለው ጉዞው ይቀራል፤ ልጆቹ ደግሞ ነጠላቸውን ሳይቀር አጥበው ጨርሰዋል።

«ሂድና ምራ» አለችው። «አየር ሳትስብ ግን እንዳትጀምር።»

ደብረ ማርቆስ ላይ ከልጆቹ ኋላ ከሦስተኛው ረድፍ ጥግ አስቀመጧት። ሽታሁን ፊታቸው ቆሞ አዳራሹን ሲያይ ደነገጠና አየር ሳይስብ እጁን አነሳ። ገሚሶቹ እሱን ተከትለው ጀመሩ። ገሚሶቹ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን አዙረው ይርገዱን ይጠብቁ ነበር። ትከሻዋን እንዳታነሳ በገናዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ መሬት መሬት አየች። ዜማው ተበታተነ። ከሁሉም የሚያምር ድምፅ ያላት ትርሲት መሐል ላይ አቁማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የመድረክ መሪው ማይክራፎኑን ተቀብሎ «በጭብጨባ እናመስግናቸው» አለ።

ወደ ሞጣ ተመለሱ። በሳምንቱ ኮሚቴው ጠራት።

«ልጆቹ አንቺን ሲያዩ ነው የተበላሸው» አለ አቶ ይስማው። «በዓይንሽ እየጠቀስሽ ሽታሁንን አዋረድሽው።»

«ቀና ብዬ አላየሁም እኮ» አለች። ማንም አላመናት። ሽታሁን እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰበሰበ። ትርሲት አግብታ ጉንደ ወይን ገባች፤ በገና አትነካም አሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ። በገናዎቹ ዕቃ ቤት ተቆለፈባቸው። በ2004 አቶ ፋንታ ሲያርፉ ይርገዱ ቢቸና ሄዳ ቀበረቻቸው። ዝውውር ጠይቃ አልተፈቀደላትም፤ ሞጣ ተመልሳ ማስተማሯን ቀጠለች። እጇ እንዳይረሳ ብላ የአባቷን በገና አልፎ አልፎ ታወርደዋለች። ብዙ ጊዜ ግን አቧራውን ጠርጋ ትመልሰዋለች።

በ2008 አዲሱ ኮሚቴ መልእክተኛ ላከባት፤ በገናዎቹን እንድታይላቸው ይፈልጋሉ። ሳታስበው እርምጃዋ ፈጠነ። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ከአሥራ ሁለቱ በገናዎች የተረፉት አራት ነበሩ፤ የስምንቱን ቆዳ አይጥ በልቶታል። ፀሐይ ላይ አወጣቻቸው፤ የላላውን ጅማት አጠበቀች፣ የተበጠሰውን ቀየረች። ከረፋዱ ጀምራ ሦስቱን ቃኝታ አራተኛውን እንደያዘች ወይንእሸት የምትባል የኮሚቴው ጸሐፊ መጣች።

«ውይ መምህርት! እስከዚህ ምን አደከመዎት?»

«አንዱ ብቻ ነው የቀረኝ። ልጆቹ መቼ ይጀምራሉ?»

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። «የምን ልጆች? ለኤግዚቢሽኑ እኮ ነው፣ ግድግዳ ላይ ልንሰቅላቸው። አቧራቸው ከተራገፈ ይበቃል።»

ይርገዱ አራተኛውን በገና ከጭኗ ላይ አውርዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ቀሚሷን አራገፈችና ቁልፉ ለማን እንደሚመለስ ጠየቀች።